ማካራ፦ ከጋንጅስ ወንዝ እስከ ከዋክብት፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማካራ የጥንታዊ ህንድ ቋንቋ የሆነው የሳንስክሪት ቃል ነው። አማርኛ አንባቢ ከቃሉ ጋር የሚተዋወቀው በተለያየ በር ነው። አንዱ ዮጋ ሲማር ይሰማዋል፣ ሌላው በህንድ ኮከብ ቆጠራ ውስጥ ያገኘዋል፣ ሌላው ደግሞ በኔፓል ወይም በስሪ ላንካ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ሁሉም የሚጠይቁት እንስሳው ምን እንደሆነ ነው። ቃሉን ለዓመታት በፍቅር ስከታተለው ስለቆየሁ በብዛት የሚነሡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ማካራ ምን ማለት ነው?

በውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ትልቅ፣ አፉ የሚያስፈራ እንስሳ ማለት ነው። ከሁሉም አገባቦቹ ጋር የሚስማማው ፍቺ ይኸው ብቻ ነው። «አዞ ነው» የሚል ሰው ግማሹን እውነት ይዟል፤ «አፈ ታሪክ የወለደው አውሬ ነው» የሚለውም እንዲሁ። በጥንታዊ የመሥዋዕት ዝርዝር ውስጥ ከሌሎች እውነተኛ እንስሳት ጋር ተቆጥሯል። በድንጋይ ቅርጽ ላይ የዝሆን ኩምቢና የዓሣ ጅራት አብቅሏል። በሰማይ ደግሞ ከዐሥራ ሁለቱ ኮከቦች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ ቃሉን ስታገኙት መጀመሪያ የት ቦታ እንዳገኛችሁት ተመልከቱ።

አጠራሩ እንዴት ነው?

በሳንስክሪት ሦስቱም አናባቢዎች አጫጭር ናቸው፤ ለጆሮ የሚቀርበው «መከረ» የሚለው ነው። በሂንዲ የመጨረሻው አናባቢ ስለሚወድቅ «መከር» ይሆናል። በአማርኛ ግን ቃሉ ከ«መከራ» ጋር እንዳይምታታ «ማካራ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ታዲያ ከአማርኛው «መከር» ጋር ዝምድና የለውም? በዓሉም የመከር በዓል ነው ይባላል።

የለውም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ድምፁም ወቅቱም የተመሳሰለ ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ቃሉ የተጓዘበትን መንገድ ወደ ኋላ መከተል ይበቃል። «ማካራ ሳንክራንቲ» የተባለው የህንድ በዓል ስሙን ያገኘው ፀሐይ ማካራ ወደተባለው ኮከብ ከመግባቷ ነው፤ «ሳንክራንቲ» ማለት መሻገር ነውና። ኮከቡ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከውኃው እንስሳ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እህል የሚባል ነገር አንድም ቦታ የለም። በዓሉ ከአዝመራ ጋር የተገናኘው በጥር ወር የሚሰበሰብ ሰብል በመኖሩ ነው። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለት አይቻልም፤ በመካከላቸው ታሪክ መኖር አለበት።

ቃሉ መጀመሪያ የተገኘው የት ነው?

ከጥንታዊዎቹ ምስክሮች አንዱ ነጩ ያጁርቬዳ ነው፤ ቬዳዎች የሚባሉት የህንድ ጥንታዊ ቅዱሳት ጽሑፎች ናቸው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ለታላቁ የፈረስ መሥዋዕት የሚመደቡ እንስሳት ረጅም ዝርዝር አለ፤ የትኛው እንስሳ ለየትኛው አምላክ ወይም ኃይል እንደሚሆን አንድ በአንድ ይናገራል። ለውቅያኖሱ ከተመደቡት መካከል ሦስት ስሞች ጎን ለጎን ቆመዋል፦ ናክራ፣ ማካራ እና ኩሊፓያ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ናክራም በኋለኛው ሳንስክሪት አዞ ማለት ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ካህናት ግን ናክራንና ማካራን ለይተው ቆጥረዋል። እንግዲህ ለእነርሱ ሁለቱ የተለያዩ እንስሳት ነበሩ ማለት ነው። ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይህ ዝርዝር ሌላም ነገር ይነግረናል፦ ማካራ በዚያ ዘመን የተረት ፍጥረት አልነበረም። ስሙ ከተራ እንስሳት ስም ጋር ያለ ምንም ማብራሪያ ይጠራል፤ ሰሚው እንደሚያውቀው ታስቦ ማለት ነው።

የቃሉ ሥር ምንድን ነው?

ሁሉም የሚስማማበት ሥር አልተገኘለትም። ሳንስክሪት ከግሪክ፣ ከላቲንና ከፋርስ ቋንቋዎች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ «አባት»፣ «እናት»፣ «ፈረስ» የሚሉት ቃላት በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሥጋ ዘመዶች አሏቸው። ማካራ ግን በዚያ በኩል እህትም ወንድምም የለውም። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ቃሉ ከሳንስክሪት በፊት በህንድ ምድር ይነገሩ ከነበሩ ቋንቋዎች የተወረሰ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ለእኔም አሳማኙ ይህ ነው። የቬዳ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ትልልቆቹ ወንዞች ሲደርሱ የማያውቁት እንስሳ ገጠማቸው፤ ስሙን ከማን ይጠይቁ? በወንዙ ዳር ከሚኖረው ሕዝብ ነው። ለአዲስ አገር እንስሳትና ዕፅዋት ስም የሚወሰደው በአብዛኛው እንዲህ ነው።

እሺ፣ እውነተኛው እንስሳ የትኛው ነው?

ሦስት ዕጩዎች አሉ።

የመጀመሪያው የህንድ የረግረግ አዞ ነው። በሂንዲ «መገር» ይባላል፤ ይህም ስም በቀጥታ ከማካራ የወረደ ነው። ከህንድና ከስሪ ላንካ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ኢራን ድረስ በወንዞችና በኩሬዎች ይኖራል። አፉ ሰፋ ያለ ሲሆን አራት፣ አልፎም አምስት ሜትር ይደርሳል። በጫሞ ሐይቅ የምናውቀው የአባይ አዞ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሂንዲ ተናጋሪዎች «ውኃ ውስጥ እየኖሩ ከመገር ጋር ጠብ» የሚል ምሳሌ አላቸው፤ ከጉልበተኛ ጋር በገዛ ግዛቱ አትጣላ ለማለት። እኛ «የአዞ እንባ» እንደምንለው እነርሱም «የመገር እንባ» ይላሉ።

ሁለተኛው ጋሪያል ነው። አፉ እንደ ዘንግ የቀጠነ፣ በዓሣ የሚኖር አዞ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከማሰሮ ነው። በወንዱ አፍንጫ ጫፍ ላይ «ጋራ» የተባለውን የሸክላ ዕቃ የሚመስል እብጠት አለና።

ሦስተኛው የጋንጅስ ዶልፊን ነው፤ ልቤ የሚያዘነብለው ወደዚህ ፍጥረት ነው። በደፈረሰ ወንዝ ውስጥ ስለሚኖር ዓይኑ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ያለፈ ጥቅም የለውም። መንገዱን የሚያገኘው ድምፅ እየለቀቀ ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። ብዙ ጊዜ በጎኑ ተጋድሞ ይዋኛል። አፉ ረጅም ነው፤ ተዘግቶም እንኳ ጥርሶቹ ይታያሉ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የውኃ እንስሳዋ ብላ ሰይማዋለች። በሳንስክሪት የራሱ ስም አለው፤ «ሺሹማራ» ይባላል። የኋላ ዘመን ሰዎች ይህን ስም «ሕፃን ገዳይ» ብለው ተርጉመውታል፤ በዓሣ ለሚኖርና ሰውን ለማይነካ እንስሳ በደል የሆነ ስም ነው። ሺሹማራ የራሱ ጥንታዊ ስም ያለው መሆኑ ዶልፊኑ ማካራ ነው የሚለውን ሐሳብ ያዳክመዋል። ቀራጮች ለማካራ የሰጡትን ረጅም አፍና የዓሣ ጅራት ስመለከት ግን ዶልፊኑን ከሥዕሉ ማውጣት ይከብደኛል።

እንግዲህ ማስረጃውን ስመዝን ቃሉ የተነሣው ከአንድ የአዞ ዓይነት ይመስለኛል፤ ቅርጹ ግን ከሦስቱም ተውሷል።

ስለ ዝንጀሮውና ስለ ማካራው የሚነገረው ተረት ምን ይላል?

ፓንቻታንትራ በሚባለው የጥንት የህንድ የተረት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። በባሕር ዳር ባለ የፍሬ ዛፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ ይኖራል። ካራላሙክሃ፣ ማለትም «ፊተ አስፈሪ»፣ የሚባል ማካራ ከባሕር እየወጣ ከዛፉ ሥር ያርፋል፤ ዝንጀሮውም ፍሬ ይጥልለታል። ወዳጆች ይሆናሉ። የማካራው ሚስት ፍሬውን ቀምሳ፣ «ይህን የሚበላ ዝንጀሮ ልቡ ምን ያህል ይጣፍጥ ይሆን! ልቡን ካላመጣህልኝ እሞታለሁ» ትላለች። ማካራው ወዳጁን ቤቴ ልጋብዝህ ብሎ በጀርባው አዝሎ ባሕር መካከል ከደረሰ በኋላ እውነቱን ይነግረዋል። ዝንጀሮውም ሳይደነግጥ፣ «ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ! ልቤን እኮ ዛፉ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት» ይለዋል። ማካራው አምኖ ይመልሰዋል፤ ዝንጀሮውም ዘሎ ዛፉ ላይ ይወጣል።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው የተረቱ ጉዞ ነው። በፓሊ ቋንቋ በተጻፈው የቡድሃ ልደቶች ታሪክ ውስጥ በማካራው ቦታ የሺሹማራ ስም ገብቷል። ተረቱ በፋርስ በኩል አልፎ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛው «ከሊላና ዲምና» ውስጥ ሲገባ እንስሳው ኤሊ ሆነ። በስዋሂሊ ተናጋሪዎች የባሕር ዳርቻ ደግሞ ሻርክ ነው። እያንዳንዱ ተራኪ አድማጩ የሚያውቀውን የውኃ እንስሳ አስገብቷል።

የዝሆን ኩምቢ ከየት መጣ?

ከቀራጮች። በህንድ በቢሃር ግዛት፣ በባራባር ኮረብታዎች፣ በንጉሥ አሾካ ዘመን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተፈለፈለ ሎማስ ሪሺ የሚባል ዋሻ አለ። ከደጃፉ በላይ ባለው ቅስት ላይ ዝሆኖች በሰልፍ ይሄዳሉ፤ በቅስቱ ሁለት ጫፎች ደግሞ ማካራ አለ። ከዚያ በኋላ በመቶ ዓመታት ውስጥ የማካራ አፍንጫ እየረዘመና ወደ ላይ እየተጠቀለለ ሄዶ ጨርሶ ኩምቢ ሆነ። ጅራቱም መጀመሪያ የዓሣ ነበር፤ በኋላ በቅጠልና በአበባ ሐረግ ተሸፈነ። በህንድ አስተሳሰብ ዝሆን ከዝናብና ከደመና ጋር የተያያዘ እንስሳ ስለሆነ ለውኃ ፍጥረት ኩምቢ መስጠት ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም።

ለምን በበርና በውኃ መውረጃ ላይ ይቀረጻል?

ማካራ የውኃ ጌታ ነው፤ ውኃ ደግሞ ያነጻል፣ ያለመልማልም። በጃቫ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ በቦሮቡዱር፣ የበሮቹ አናት ላይ ካላ የሚባል አስፈሪ ፊት አለ፤ ከግራና ከቀኝ ማካራዎች ወርደው ደጁን ይይዛሉ። በስሪ ላንካ የቡድሃ ምስል የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ከማካራ ቅስት በታች ነው።

ከሁሉም ልብ የሚነካው ግን የኔፓሉ ነው። በፓታን ከተማ፣ ከቤተ መንግሥቱ አደባባይ ጎን፣ ማንጋ ሂቲ የሚባል የውኃ ቦታ አለ፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ570 እንደሆነ ይነገራል። ከመንገዱ በታች ወደተቆፈረው ጉድጓድ በደረጃ ይወረዳል። ከግድግዳው የድንጋይ ማካራዎች አንገታቸውን ያወጣሉ፤ ኩምቢያቸው ወደ ላይ ተጠቅልሎ መንጋጋቸው ተከፍቷል፤ ውኃው የሚፈስሰው በዚያ አፍ ውስጥ ነው። ሰዎች ከሥሩ ቆመው ዕቃቸውን ይሞላሉ። በህንድ ቤተ መቅደሶችም የአምላኩ ምስል የታጠበበት ውኃ ወደ ውጭ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በማካራ አፍ ነው፤ ምእመናን ያንን ውኃ በእጃቸው ተቀብለው ይረጩታል።

የየትኛው አምላክ እንስሳ ነው?

የሦስት። የጋንጅስ ወንዝ እመቤት ጋንጋ በማካራ ላይ ትቀመጣለች፤ እህቷ ያሙና ደግሞ በኤሊ ላይ። የውኃዎች አምላክ ቫሩናም ማካራን ይጋልባል። የፍቅር አምላክ ካማ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ማካራ ስላለ «ማካራድቫጃ»፣ ማለትም «ሰንደቁ ማካራ» ይባላል። ብሃጋቫድ ጊታ በሚባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ዐሥረኛ ምዕራፍ ላይ አምላኩ ክሪሽና ከየወገኑ የበላይ የሆነውን ሲዘረዝር «ከዓሦች መካከል እኔ ማካራ ነኝ፤ ከወንዞች መካከል ጋንጋ ነኝ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ስንኝ መምጣታቸው ደስ ይላል።

በኮከብ ቆጠራ ማካራ የእኛ ጀዲ ነው?

አዎን፣ ዐሥረኛው ኮከብ ነው፤ ታሪኩም ያስደንቃል። ባቢሎናውያን በዚህ የሰማይ ክፍል ያዩት ከፊቱ ፍየል፣ ከኋላው ዓሣ የሆነ ፍጥረት ነበር። ግሪኮች ያንን ወርሰው «ቀንደ ፍየል» አሉት። በክርስትና ዘመን የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ዐሥራ ሁለቱ ኮከቦች ከግሪኮች ወደ ህንድ ሲሻገሩ የግሪኩ ስም ራሱ «አኮኬራ» ተብሎ በሳንስክሪት ተጻፈ። የጸናው ግን ማካራ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የህንድ ኮከብ ቆጣሪ ቫራሃሚሂራ ኮከቡን ሲገልጸው «የአጋዘን ፊት ያለው ማካራ» ይለዋል፤ የጥንቱ ፍየል ዱካ እዚያ ላይ ይታያል።

ዐረቦች በበኩላቸው «ጀድይ»፣ ማለትም ግልገል ፍየል፣ አሉት፤ የእኛም ጀዲ የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ህንድ የዓሣውን ወገን ይዛ ፍየሉን ተወች፤ ዐረቦችና እኛ ፍየሉን ይዘን ዓሣውን ተውን።

አንድ ማሳሰቢያ ላክል። በአውደ ነገሥት ኮከብ የሚወጣው ከራስና ከእናት ስም ፊደላት ቁጥር ነው፤ በህንድ ግን በተወለዱበት ሰዓት ከነበረው ሰማይ ነው። ስለዚህ በአውደ ነገሥት ጀዲ የወጣለት ሰው በህንድ አቆጣጠር ማካራ ነው ማለት አይደለም።

ማካራ ሳንክራንቲ መቼ ይውላል? ምንስ ይደረጋል?

ዘንድሮም ከርሞም ጃንዋሪ 14 ወይም 15 ላይ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 6 ገደማ፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነው። በምዕራባውያን ኮከብ ቆጠራ ፀሐይ ወደዚሁ ኮከብ የምትገባው ዲሴምበር 21 ወይም 22 ስለሆነ ልዩነቱ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ የህንድ አቆጣጠር በቋሚ ከዋክብት ላይ፣ የምዕራቡ ደግሞ በወቅቶች ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። የምድር እንዝርት ቀስ እያለ ስለሚዞር ሁለቱ በየ70 ዓመቱ ገደማ በአንድ ቀን ይራራቃሉ።

በዚህ ዕለት ሕዝቡ በጋንጅስ ይታጠባል፤ በተለይ በፕራያግራጅና ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት በሳጋር ደሴት። በጉጃራት ሰማዩ በካይት ይሞላል። በታሚል ናዱ ፖንጋል ይባላል፤ አዲስ ሩዝ በወተት ይፈላል። በማሃራሽትራ ሰሊጥና ያልተጣራ ስኳር ተዋሕዶ የተሠራ ጣፋጭ እየተሰጣጡ «ይህን ተቀበል፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ተናገር» ይባባላሉ።

በህንድ ፊልም «መገር» የሚለው ቃል በየዘፈኑ ይሰማል። ሁሉም ስለ አዞ ነው የሚዘፍነው?

አይደለም፤ ያኛው «ግን» ማለት ነው፣ ከፋርስኛ የመጣ። ከአዞው ጋር በድምፅ ብቻ ይገናኛሉ።

ቃሉ ከህንድ ውጭ አለ?

በብዛት። በታይላንድ የጃንዋሪ ወር ስም «ማካራኮም» ነው፤ በካምቦዲያም ወሩ «ማካራ» ይባላል። በስሪ ላንካው የሲንሃላ ቋንቋ ዘንዶ ማለት ሆኗል። ቲቤቶች ቃሉን አልወሰዱም፤ «የውኃ ጭራቅ» ብለው ተረጎሙት። በሂንዲ የጂኦግራፊ መጽሐፍ የካፕሪኮርን (የጀዲ) መስመር «የማካራ መስመር» ነው።

«ማካራድቫጃ» የሚባል መድኃኒት ይሸጣል። መውሰድ ይቻላል?

ይህ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ውሕድ ሜርኩሪና ድኝ ይገባበታል፤ በወርቅም ይዘጋጃል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ሐኪም ሳያማክሩ በጭራሽ አይውሰዱ።

ወደ አማርኛ ስተረጉም ምን ልበለው?

እንደ ቦታው። ተረት ከሆነ «አዞ» ቢሉት አንባቢ ይከተልዎታል፤ የዝንጀሮው ተረት በአዞም ያምራል። የኮከብ ስም ከሆነ «ጀዲ» ብለው በመጀመሪያው ቦታ ላይ «በህንድ ማካራ የሚባለው» የሚል ይጨምሩ። ስለ ቤተ መቅደስ ቅርጽ፣ ስለ ጋንጋና ስለ ጊታው ስንኝ ሲጽፉ ግን «ማካራ» ብለው ይተዉት። «ዓሣ አንበሪ» የሚል ትርጉም የሚመርጡ አሉ፤ አልስማማበትም። ዓሣ አንበሪ ለእኛ አንባቢ ወዲያው ዮናስን ያስታውሰዋል፤ ማካራ ደግሞ ከወንዝ ዳር የተነሣ፣ እግርም መንጋጋም ያለው እንስሳ ነው። «ዘንዶ» የሚለውም ለስሪ ላንካ ካልሆነ በቀር አይመጥነውም።